ቦርዶ፦ ጠርሙሱ ላይ የወይኑ ዝርያ ለምን አይጻፍም?

ባለፈው ፋሲካ ቤታችን ገበታ ላይ ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ነበር። አንዱ እዚሁ ሰፈር የተገዛ ሪፍት ቫሊ ነው። ሌላው የአክስቴ ልጅ ከፈረንሳይ ስትመጣ በልብሷ ጠቅልላ ያመጣችው። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና ሁለቱንም አገላብጠው አዩ።

«ይሄኛው ሜርሎ ይላል፤ ገባኝ። ያኛው ግን ‹ሳንቴሚሊዮን› ነው የሚለው። እሱ ደግሞ ምን ዓይነት ወይን ነው?»

«ከተማ ነው ጋሼ፤ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ቦርዶ በሚባለው የወይን አገር። ወይኑ ያው እሱም ባብዛኛው ሜርሎ ከሚባለው ዝርያ ነው።»

«ታዲያ ምን አስደበቃቸው?»

ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄያቸው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የቦርዶን ወይን ለመረዳት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያደናቅፈው ይሄው ነው። ጠርሙሱ ስለ ሁሉም ነገር ያወራል፤ ስለ መንደሩ፣ ስለ ግንቡ፣ ስለ ዓመቱ። ውስጡ ያለው ፍሬ ምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ ትንፍሽ አይልም።

ለኛ ይሄ ነገር ያን ያህል እንግዳ መሆን የለበትም። ይርጋጨፌ ቡና ስንል የጠራነው ዝርያ አይደለም፤ ቦታ ነው። ቦታውን ስንጠራ ግን ጣዕሙም አብሮ ይመጣል። ፈረንሳዮች ይህን ልማድ ወስደው ሕግ አደረጉት። በ1935 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንድ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። የእያንዳንዱ የወይን ቦታ ድንበር ተሰመረ። በዚያ ድንበር ውስጥ የትኛው ዝርያ እንደሚተከል፣ ከአንድ ሄክታር ምን ያህል እንደሚለቀም፣ የአልኮሉ መጠን ከስንት እንደማያንስ ተጻፈ። ይህን ያሟላ የቦታውን ስም ይጽፋል፤ ያላሟላ አይጽፍም። ይህ በሕግ የተጠበቀ ስም «አፔላሲዮን» ይባላል። ስለዚህ ማንም የደበቀው ነገር የለም። ቦታውን ካወቅህ ዝርያውን ታውቃለህ ነው ነገሩ። ቦታውን ካላወቅህ ግን እንደ ጋሼ ጠርሙስ ስታገላብጥ ትቀራለህ።

እግረ መንገዴን፣ ገበታው ላይ የነበሩት ሁለቱ ጠርሙሶች ዘመዳሞች ናቸው። ሪፍት ቫሊን የሚያመርተው ካስቴል የቦርዶ ድርጅት ነው። በ1949 እዚያው ቦርዶ በአንድ ቤተሰብ ልጆች ተመሠረተ። እኛ ዘንድ የምናውቀው በቢራው ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን በ1998 ገዛ። በኋላ ዝዋይ (ባቱ) ላይ ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞን የመሳሰሉትን ተከለና ወይኑ በ2014 ገበያ ወጣ። ሜርሎም ካበርኔም የቦርዶ ዝርያዎች ናቸው።

አሁን ወደ ካርታው። ቦርዶ ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ነው፤ ለአትላንቲክ ውቅያኖስ ቅርብ። መልክዓ ምድሩን ለመያዝ ባላ እንጨት አስቡ። ሁለቱ ቅርንጫፎች ሁለት ወንዞች ናቸው፤ ጋሮን እና ዶርዶኝ። ከቦርዶ ከተማ ትንሽ ወደ ሰሜን ይገናኙና አንድ ወፍራም ግንድ ይሆናሉ። ግንዱ ጂሮንድ ይባላል፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሄዶ ውቅያኖሱ ውስጥ ይገባል። ከተማው ራሱ ያለው ጋሮን ላይ ነው። ይህችን ባላ ከያዛችሁ የቦርዶን ግማሽ ያዛችሁ።

ከባላው በስተግራ ያለው ወገን «ግራ ዳር» ይባላል። ሜዶክ እና ግራቭ የሚባሉት አገሮች እዚህ ናቸው። ግራቭ ማለት ራሱ ጠጠር ማለት ነው። ስሙን መልአክ አውጥቶታል፤ መሬቱ በእውነትም ጠጠር ነው። ጋሮን በረጅም ዘመናት ከተራራ እያንከባለለ ያመጣው ድብልብል ጠጠር። ለእህል ብትዘሩበት ያሳፍራችኋል። ለወይን ግን ገነት ነው። ዝናቡ ሲወርድ ውሃው ሾልኮ ያልፋል፤ ሥሩ አይረጥብም። ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ይቆፍራል። ቀን የጋለው ጠጠር ደግሞ ማታ ሙቀቱን መልሶ ይሰጣል። ካበርኔ ሶቪኞን የሚባለው ዝርያ ዘግይቶ የሚበስል፣ ሙቀት የሚፈልግ ፍሬ ነው። እዚህ ጠጠር ላይ ይበስላል። ብርድ በሚይዝ ሸክላ አፈር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጥሬ ሆኖ ይቀራል።

የሚገርመው ሜዶክ አብዛኛው ረግረግ ነበር። ዛሬ በዓለም ውድ ከሚባሉት ወይኖች ብዙዎቹ የሚወጡበት ቦታ ማለት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ መሐንዲሶች መጥተው ቦይ ቆፈሩለት፤ ውሃውን አፈሰሱት። ጠጠሩ ያኔ ብቅ አለ። ዛሬ እዚያ ሰልፍ ይዘው የተቀመጡትን መንደሮች በስም ማወቅ ይጠቅማል፦ ማርጎ፣ ሳን ጁሊየን፣ ፖያክ፣ ሳንቴስቴፍ። ከነዚህ አንዱን ጠርሙስ ላይ ካያችሁ፣ ካበርኔ ሶቪኞን የሚበዛበት ወይን ነው ብላችሁ ብዙም አትሳሳቱም።

በስተቀኝ፣ ከዶርዶኝ ማዶ፣ «ቀኝ ዳር» አለ። ሳንቴሚሊዮን እና ፖሜሮል። አፈሩ ሸክላና ኖራ ድንጋይ ነው፤ ውሃ ይይዛል፤ ቀዝቃዛ ነው። እዚህ ንጉሡ ሜርሎ ነው። ሜርሎ ቀድሞ ይበስላል፤ የአፈሩን ቅዝቃዜ አይፈራም። ወይኑም ለስለስ ይላል። አጋዡ ካበርኔ ፍራን የሚባል ሌላ ዝርያ ነው።

በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለው ሰፊ አገር «አንትር ዶ ሜር» ይባላል፤ በሁለት ባሕር መካከል እንደማለት። ወንዞቹ የባሕሩ ማዕበል ወደ ላይ ስለሚገፋቸው ባሕር የሚመስሉበት ሰዓት አለ። በስኳር የለሽ ነጭ ወይን ይታወቃል። በርካሽ የሚሸጠው ተራ የቦርዶ ቀይም በብዛት የሚመጣው ከዚሁ ነው።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሜርሎው ሜርሎ፣ ካበርኔው ካበርኔ ተብሎ ለየብቻ ለምን አይጠመቅም? ለምን ይቀላቀላል?

መልሱ አየሩ ነው። ውቅያኖሱ ቅርብ ነው፤ ዝናቡ አይታመንም። ፀደይ ላይ ውርጭ ይመጣና ለጋውን እንቡጥ ያቃጥለዋል፤ በ2017 የሆነው ይሄው ነው። አበባው ሲፈነዳ ቢዘንብ ፍሬው አይያዝም። ለቀማ ላይ ቢዘንብ ፍሬው ውሃ ይቋጥራል። ሁለቱ ዝርያዎች ግን በአንድ ቀን አያብቡም፤ በአንድ ቀንም አይበስሉም። አንዱን ያገኘው ዝናብ ሌላውን ይስተዋል። ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ የሚዘራ ገበሬ ይህን ስሌት ማስረዳት አያስፈልገውም።

መጀመሪያ መድን ነበር፤ ቀስ በቀስ ጥበብ ሆነ። ካበርኔ ሶቪኞን አጥንት ነው። ወፍራም ሻይ ያለ ስኳር ስትጠጡ ምላሳችሁን ድርቅ የሚያደርገው ነገር አለ አይደል? ታኒን ይባላል። ካበርኔ በእሱ የታወቀ ነው። ወይኑ ለዓመታት እንዲቆይ የሚያደርገው አንዱ ነገርም እሱ ነው። ሜርሎ ደግሞ ሥጋው ነው። እያንዳንዱ ማሳ ለየብቻ ይለቀማል፤ ለየብቻ ይፈላል። ጠጅ ጥለን ጌሾ እንደምንጨምረው ሳይሆን፣ ፍሬው ከነቆዳው በራሱ ስኳር ነው የሚፈላው። ቀዩ ቀለም የሚመጣውም ከቆዳው ነው። ከዚያ ጠማቂዎቹ ከየገንዳው እየቀዱ፣ እየቀመሱ፣ ከዚህ ይህን ያህል ከዚያ ያን ያህል እያሉ ይቀላቅላሉ። ጥሩው ወይን 225 ሊትር በሚይዝ የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይቀመጣል። አንድ በርሜል 300 ጠርሙስ ይወጣዋል።

«ሻቶ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ትርጉሙ ግንብ ነው። ቦርዶ ላይ ግን የራሱ ማሳ ያለው የወይን ቤት ሁሉ ሻቶ ነኝ ማለት ይችላል። አንዳንዱ እውነትም የነገሥታት ቤት ይመስላል። አንዳንዱ ቆርቆሮ መጋዘንና አንድ ትራክተር ነው። ሥዕሉን አይታችሁ አትግዙ።

አሁን ወደ ደረጃው ልምጣ፤ እኔ በጣም የምወደው ታሪክ ይሄ ነው።

ቦርዶ ከጥንት ጀምሮ ለራሷ ሳይሆን ለገበያ የምትጠምቅ አገር ነበረች። በ1152 የአካባቢው ወራሽ ኤሌኖር፣ ሄንሪ የሚባል መስፍን አገባች፤ ሰውየው ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነ። በዚህ ጋብቻ ምክንያት ቦርዶ እስከ 1453 ድረስ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ቆየች። ወይኑ በመርከብ ወደ ሎንዶን ይጫን ነበር። በኋላም ወደቡ ከቅኝ ግዛት ሸቀጥ፣ ከባሪያ ንግድም ጭምር በረታ፤ ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳቸው የወንዝ ዳር ሕንፃዎች በዚያ ዘመን ሀብት የቆሙ ናቸው። ገበሬው ወይኑን ለውጭ ገዢ በቀጥታ አይሸጥም። ነጋዴው ይገዛዋል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ደላላ አለ።

በ1855 ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛ ፓሪስ ላይ ታላቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጁ። የቦርዶ ንግድ ምክር ቤት ምርጥ ወይኖቹን በደረጃ ለይቶ ማቅረብ አስፈለገው። ማንን ጠየቀ? ደላሎቹን። ደላሎቹ ቀማሽ ጉባኤ አልሰበሰቡም። የትኛው ሻቶ ለብዙ ዓመታት በስንት ሲሸጥ እንደኖረ ያውቁታል፤ ዝርዝሩን በዋጋ አወጡት። ኤፕሪል 18 ቀን አስረከቡ። ቀዮቹ በአምስት ደረጃ ተከፈሉ። አንደኛ የወጡት አራት ናቸው፦ ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎ እና ኦ ብሪዮን። ከኦ ብሪዮን በቀር በዝርዝሩ ያሉት ቀዮች ሁሉ የሜዶክ ናቸው። ቀኝ ዳር እንዳለ ተዘለለ።

ይህ ለአንድ ኤግዚቢሽን የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር ዛሬም እየሠራ ነው። ትልቅ ለውጥ የተደረገበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የተሰጠው ሙቶን ለአሥርት ዓመታት ሲሟገት ኖሮ በ1973 አንደኛ ሆነ። አዋጁን የፈረሙት የግብርና ሚኒስትሩ ዣክ ሺራክ ነበሩ፤ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት። ደግሞ ደረጃው የተሰጠው ለሻቶው ስም እንጂ ለማሳው አይደለም። ሻቶው በዚያው ድንበር ውስጥ የጎረቤቱን መሬት ቢገዛ፣ የጎረቤቱ ወይን በማግሥቱ ባለማዕረግ ይሆናል። እኔ በበኩሌ ይሄ አይዋጥልኝም። የቦታ ስም ነው የምንሸጠው እየተባለ፣ ማዕረጉ ግን ከቦታው ጋር አልታሰረም።

ሳንቴሚሊዮን የራሱን ደረጃ በ1955 አወጣ፤ በየአሥር ዓመቱ ገደማ እንዲታደስም ወሰነ። ሐሳቡ ፍትሐዊ ይመስላል። ውጤቱ ግን የፍርድ ቤት ምልልስ ሆነ። ደረጃው የወረደበት ይከሳል። የ2006ቱ ዝርዝር በዚህ ክስ ፈረሰ። በ2021 ደግሞ ከሁሉ በላይ የነበሩት ሸቫል ብላን እና ኦዞን ከነጭራሹ እንውጣ ብለው ወጡ። ፖሜሮል ጭራሽ ደረጃ የለውም። ሆኖም በቦርዶ በጣም ውድ ከሚባሉት ወይኖች አንዱ፣ ፔትሩስ፣ ያለው እዚያ ነው። ፔትሩስ ደግሞ፣ ጋሼ ይስሙኝ፣ ሜርሎ ነው።

ደላሎቹስ? አሁንም አሉ። ከሻቶውና ከነጋዴው መሐል ቆመው ብዙውን ጊዜ 2 በመቶ ይወስዳሉ። ትልልቆቹ ሻቶዎች ወይኑን የሚሸጡት ከለቀማው ቀጥሎ በሚመጣው ፀደይ፣ ገና በርሜል ውስጥ እያለ ነው። ገዢው ዛሬ ይከፍላል፤ ጠርሙሱን የሚያየው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ወይም ከዚያም ዘግይቶ ነው። ቀብድ አይደለም፤ ሙሉ ዋጋ ነው። ዓመቱ ጥሩ ከሆነና ዋጋው ከጨመረ አተረፈ። ካልሆነ በችርቻሮ ሱቅ በርካሽ ሲሸጥ እያየ ይቆጨዋል።

እስካሁን ስለ ቀይ ብቻ አወራሁ። ከባላው በታች በኩል፣ ጋሮን ዳር፣ ሶተርን የሚባል ትንሽ አገር አለ። እዚህ ሰው ሻጋታ ይጠብቃል። ሲሮን የምትባል ቀዝቃዛ ወንዝ ሞቅ ያለውን ጋሮን ስትቀላቀል የመፀው ጠዋት ጉም ይነሣል። ጉሙ ወይኑ ላይ ሻጋታ ያመጣል። ከሰዓት ፀሐይ ትወጣና ታደርቀዋለች። ሻጋታው የፍሬውን ቆዳ ይበሳል፤ ውሃው ይተናል፤ ስኳሩ ይቀራል። ፍሬው ሲታይ የተጨማደደ፣ አቧራ የለበሰ፣ ሰው የማይነካው ነገር ነው። ለቃሚዎቹ የሻገተውን ብቻ እየመረጡ በአንድ ማሳ ላይ ለሳምንታት ይመላለሳሉ። እዚያ ካሉት ስመ ጥሩ ኢኬም ነው፤ ከአንድ ግንድ አንድ ብርጭቆ ብቻ ያወጣል ይባላል። ዓመቱ ካልሆነለት ጭራሽ አይጠምቅም። በ2012 አልጠመቀም። በ1855ቱ ዝርዝር ላይ ከነጮቹ ሁሉ በላይ ለብቻው የተቀመጠው እሱ ነው።

ሻጋታ ከተነሣ አንድ ወሬ ልጨምር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሌላ፣ መጥፎ ሻጋታ የወይን ቅጠል እየፈጀ ነበር። ሚላርዴ የሚባል የቦርዶ ምሁር በሳን ጁሊየን መንገድ ሲያልፍ መንገድ ዳር ያሉት ወይኖች ብቻ ጤነኛ ሆነው አየ። ጠየቀ። ለካ ገበሬዎቹ መንገደኛ እንዳይሰርቅባቸው መዳብና ኖራ በጥብጠው ይረጩ ነበር፤ ሰው መርዝ መስሎት እንዲተወው። ሚላርዴ ይህን መርምሮ በ1885 ይፋ አደረገው። ዛሬም በዓለም ዙሪያ ገበሬ የሚጠቀምበት «የቦርዶ ድብልቅ» የሚባለው የተክል መድኃኒት ይኸው ነው። ለሌባ የታሰበ።

የዛሬው ቦርዶ እንደ ስሙ አይደለም። ባለማዕረጎቹ ጥቂት ናቸው። የቀሩት በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች ተራ ቀይ ያመርታሉ፤ ፈረንሳዊው ደግሞ ቀይ ወይን መጠጣት ቀንሷል፤ ብዙ ይገዛ የነበረው የቻይና ገበያም ቀዝቅዟል። በ2023 ወይኑን ነቅሎ መሬቱን ለሚተው ገበሬ በሄክታር 6 ሺህ ዩሮ የሚከፍል ዕቅድ ወጣ። ሙቀቱም ጨምሯል። ሜርሎ በጣም ቶሎ እየበሰለ፣ ስኳሩ እየበዛ፣ አልኮሉ እየጠነከረ ነው። ለዚህ ሲባል በ2021 ስድስት አዳዲስ ዝርያዎች በጥቂቱ እንዲተከሉ ተፈቀደ። ከነሱ መሐል ከፖርቱጋል የመጣም አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ቢሰሙ የሚያብዱ ሰዎች ነበሩ።

ለመግዛት ለሚያስብ ሁለት ሦስት ነገር። «ግራን ቫን ደ ቦርዶ» የሚለው ጽሑፍ ትልቅ ወይን ማለት ነው እንጂ ደረጃ አይደለም። «ሳንቴሚሊዮን ግራን ክሩ» ደግሞ ወጥመድ ነው፤ ማዕረግ ይመስላል፣ ግን እሱም አፔላሲዮን ነው። ማዕረጉ «ግራን ክሩ ክላሴ» ሲል ነው። አንድ ቃል ናት ልዩነቷ። ተራውን ቦርዶ ደግሞ ይቆይልኝ ብላችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አትደብቁት። ለሃያ ዓመት የሚቀመጡት በጣም ጥቂቶቹ ናቸው። ተራው በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ይጠጣ።

ደግሞ ከምን ጋር እንደምትጠጡት አስቡበት። ታኒንና በርበሬ አይዋደዱም። በርበሬው ወይኑን ያመርረዋል፤ ወይኑ በርበሬውን ያቀጣጥለዋል። ከቁርጥ ወይም አልጫ ካለ ነገር ጋር ቀዩ ይስማማል። ለሚያቃጥለው እኔ ብሆን ሶተርን እሞክራለሁ፤ ጣፋጩ እሳቱን ያበርደዋል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ያን ዕለት ገበታው ላይ የነበረው ዶሮ ወጥ ነበር፤ ያውም የፋሲካ። ጋሼ ሳንቴሚሊዮኑን አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉና ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ። ለአክስቴ ልጅ ክብር ብለው አንድ ጊዜ ደገሙ። ከዚያ ብርጭቆውን ቀስ አድርገው ወደ ጎን ገፉት።

«እስቲ ያንን የዝዋዩን አቀብለኝ።»